ሁለተኛው ክፍል ሲከብድ፦ «ሲልክሶንግ» እና የስሕተት ዋጋ

የአውስትራሊያው የጌም ሠሪ ቡድን ቲም ቼሪ «ሆሎው ናይት፦ ሲልክሶንግ» የተሰኘውን ጌም እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 4 ቀን 2025 ሲያወጣ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተጫዋቾችን ከሥዕሉና ከሙዚቃው ይበልጥ ያከራከራቸው ክብደቱ፣ ማለትም አስቸጋሪነቱ ነበር። በ2017 የወጣውን «ሆሎው ናይት» የጨረሱ፣ አንዳንዶቹም በዚያ ጌም ውስጥ እጅግ ከባድ የሚባሉትን ፈተናዎች ሳይቀር የተወጡ ሰዎች በአዲሱ ጌም መግቢያ ላይ ደጋግመው ሲሞቱ፣ ተከታዩ ክፍል በእርግጥ ከቀዳሚው ይከብድ እንደሆነ ወይስ እነርሱ የለመዱትን መተው አቅቷቸው እንደሆነ መጠየቅ ጀመሩ። የእኔ መልስ ይከብዳል የሚል ነው። ይሁን እንጂ የከበደው ከጫፉ ይልቅ መነሻው ነው፤ በዋናነት የጨመረውም ከጣት የሚጠይቀው ፍጥነት ሳይሆን ለአንድ ስሕተት የሚያስከፍለው ዋጋ ነው።

አንድ ጌም ከበደ ሲባል ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገሮች ተደባልቀው ይቀርባሉ። አንደኛው ተጫዋቹ ምን ያህል በቀላሉ ይሳሳታል የሚለው ነው፤ ይህም በጠላቱ ፍጥነት፣ ጠላቱ ከመምታቱ በፊት በሚያሳየው ምልክት ርዝመትና በመዝለያዎቹ ጥበት ይወሰናል። ሁለተኛው ከተሳሳተ በኋላ ምን ይደርስበታል የሚለው ነው፤ ስንት ጊዜ መሳሳት እንደሚፈቀድለት፣ ሲሞት ከየት እንደሚጀምር፣ ምን እንደሚያጣ። በ2018 የወጣው «ሴሌስት» ሁለቱ ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ ያሳያል፤ ተጫዋቹ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ጊዜ ሊሞት ይችላል፣ ነገር ግን ወዲያውኑ በዚያው ክፍል መግቢያ ላይ ስለሚነሣ እያንዳንዱ ሞት የሚወስድበት ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ሁለት ጌሞችን ስናወዳድር፣ ተጫዋቹ ስንት ጊዜ እንደሞተ ከመቁጠር ይልቅ ጌሙ ስሕተትን እንዴት እንደሚቀጣ መመርመር የተሻለ መልስ ይሰጣል።

በሁለቱም ጌሞች የሕይወት መለኪያው ጭምብል ነው፣ ሁለቱም በአምስት ጭምብል ይጀምራሉ። በመጀመሪያው ጌም ተጫዋቹ ጠላትን በመታ ቁጥር 11 ነጥብ «ነፍስ» ያገኛል፤ 33 ነጥብ ሲሞላለት አንድ ጭምብል ይፈውሳል። ስለዚህ ሦስት ምት አንድ ጭምብል ይመልሳል ማለት ነው። በ«ሲልክሶንግ» ደግሞ ባለታሪኳ ሆርኔት በአንድ ምት አንድ ክር ሐር ታገኛለች፤ ዘጠኝ ክር ሲሞላላት በአንድ ጊዜ ሦስት ጭምብል ትፈውሳለች። ሒሳቡ ሲሠራ ውጤቱ እኩል ነው፦ በሁለቱም ዘጠኝ ምት ሦስት ጭምብል ይመልሳል። እንግዲህ አዲሱ ጌም ፈውስን አሳንሷል የሚለው ቅሬታ ትክክል አይደለም። የተለወጠው የምቱ ክብደት ነው። በቀዳሚው ጌም አብዛኛው ጠላት በአንድ ምት የሚያጎድለው አንድ ጭምብል ነበር፤ ሁለት የሚያጎድሉት በአመዛኙ ወደ መጨረሻው የሚገኙ ቦሶች (ከተራዎቹ የሚበረቱ ዋና ዋና ጠላቶች) ነበሩ። በአዲሱ ግን ገና ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ብዙ ቦሶች፣ አንዳንድ ግዙፍ ተራ ጠላቶችና አንዳንድ የአካባቢው አደጋዎች በአንድ ጊዜ ሁለት ጭምብል ይወስዳሉ። ያው ዘጠኝ ምት በፊት ሦስት ስሕተት ይሽር ከነበረ፣ አሁን እንዲህ ባለ ጠላት ፊት የሚሽረው አንድ ተኩል ብቻ ነው። ቀድሞ በአምስተኛው ስሕተት ይሞት የነበረ ጀማሪም አሁን በሦስተኛው ይሞታል።

በዚህ ላይ የፈውሱ አሰጣጥ ተለውጧል። በመጀመሪያው ጌም ስምንት ጊዜ የመታ ተጫዋች ሁለት ጭምብል መፈወስ ይችል ነበር፤ በሁለተኛው ስምንት ጊዜ የመታ ተጫዋች አንድም አይፈውስም፣ ዘጠነኛውን መጠበቅ አለበት። ሐሩን ለጥቃት ካዋለው ደግሞ ፈውሱ የዚያኑ ያህል ይርቅበታል። ትንሽ በትንሽ እየጠገኑ መዋጋት የለመደ ሰው፣ ሦስት ጭምብል እስኪጎድልበት ጠብቆ በአንድ ጊዜ መፈወስን መማር ይኖርበታል፤ ቀድሞ ከፈወሰ ትርፉ ይባክናል፣ ከዘገየም ሁለት ጭምብል የሚወስደው ምት ይቀድመዋል።

ከሁሉ በላይ ተጫዋቾችን ያስቆጣውና በእኔ አመለካከትም ቅሬታው ተገቢ የሆነበት ግን የመጀመሪያው የሕይወት ጭማሪ ነው። በሁለቱም ጌሞች አራት የጭምብል ስባሪ ሲሰበሰብ አንድ ተጨማሪ ጭምብል ይገኛል። በቀዳሚው ጌም ከአምስት ወደ ስድስት ማደግ አንድ ተጨማሪ ስሕተት መፍቀድ ነበር፤ ልፋቱ ወዲያውኑ ይታይ ነበር። በአዲሱ ሁለት ሁለት በሚያጎድል ጠላት ፊት አምስት ጭምብል ያለው በሦስተኛው ምት ይሞታል፣ ስድስት ያለውም በሦስተኛው ይሞታል። ተጫዋቹ በዋሻና በገደል ዞሮ አራቱን ስባሪ ካሰባሰበ በኋላ፣ ሲያሸንፈው የከረመው ቦስ ፊት ሲቆም ምንም እንዳልተጨመረለት ያያል። ልዩነት የሚያመጣው ሰባተኛው ጭምብል ነው፤ እርሱን ለማግኘት ደግሞ ሌላ አራት ስባሪ ያስፈልጋል። ይህ ከጥቃቱ ፍጥነት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ደክሜያለሁና ጠንክሬያለሁ ብሎ የሚያስብ ተጫዋች ድካሙ የት እንደ ገባ ሲጠፋበት፣ በቁጥር የማይገለጽ ክብደት ይፈጠራል።

አዲሱ ጌም የራራበትም ቦታ ግን አለ፣ ክርክሩ ውስጥ እምብዛም ሲነሣ ስላልታየ ጠቅሶ ማለፍ ይገባል። በመጀመሪያው ጌም የሞተ ተጫዋች ገንዘቡን የሚይዝበት ጥላ በሞተበት ስፍራ ይቀርና ሲመለስ ይዋጋው ነበር፤ እስኪያሸንፈውም ድረስ የሚሸከመው የነፍስ መጠን ይቀንስበታል። በ«ሲልክሶንግ» በሞት ቦታ የሚቀረው የሐር ጥቅል ነው፤ አይዋጋም፣ ሲሰበርም ሐሩን ይሞላለታል፤ ቦስ ፊት ከሆነ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ሆርኔት በአየር ላይ እያለች መፈወስ ትችላለች፣ ትሮጣለች፣ የገደል ጠርዝ ይዛ ትወጣለች። የመጀመሪያው ባለታሪክ ለመፈወስ መሬት ላይ ቆሞ መጠበቅ ነበረበት። አዲሱ ጌም በአንድ እጁ ሲቀማ በሌላው እንደሚሰጥ ያላየ ሰው ስሌቱን በግማሽ ነው የሠራው።

ገንዘቡ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በቀዳሚው ጌም ማንኛውም ጠላት ማለት ይቻላል ሲሞት ገንዘብ ይጥል ነበር። በአዲሱ እንደ ገንዘብ የሚያገለግለውን የመቁጠሪያ ዶቃ የሚጥሉት የተወሰኑ ጠላቶች ናቸው፣ አራዊቱ አይጥሉም፤ አንዳንዶቹ የማረፊያ ወንበሮች ደግሞ በዶቃ ካልተከፈለባቸው አያስቀምጡም። የማረፊያ ወንበር በዚህ ዓይነት ጌም ውስጥ ምቾት ብቻ አይደለም፤ ሲሞቱ የሚነሡበት ቦታ እርሱ ነው። በመንገድ ላይ ዶቃውን አጥቶ ወንበሩ ደጃፍ የደረሰ ተጫዋች የሚቀጣው ባለፈው ስሕተቱ ላይ ሌላ ተጨምሮ ነው። ከወንበር እስከ ቦስ ያለው መንገድም በአንዳንድ ስፍራ ረጅምና በአደጋ የተሞላ ስለሆነ፣ የቦሱን ጥቃት ለመማር የሚውለው ጊዜ መንገዱን ለመድገም ከሚባክነው ያንሳል። መንገዱን ደጋግሞ መሮጥ የቦሱን ጠባይ አያስተምርም፤ ስለዚህ ይህኛው ክብደት ዋጋውን ያስከፍልና ዕውቀቱን አይሰጥም። የውጊያዎቹን ክብደት በሙሉ ልብ ስደግፍ ይህን ልደግፈው አልችልም።

ከመነሻው ከበደ ያልኩበት ዋነኛ ምክንያት በጌሙ አወላለድ ውስጥ ይገኛል። ቲም ቼሪ በ2014 የመጀመሪያውን ጌም ለመሥራት ከሕዝብ ገንዘብ ሲያሰባስብ፣ ሆርኔትን ተጫዋቹ ሊመራት የሚችል ሁለተኛ ባለታሪክ አድርጎ በተጨማሪ ክፍል ለማውጣት ቃል ገብቶ ነበር። ያ ተጨማሪ ክፍል እየሰፋ ሄዶ በ2019 ራሱን የቻለ ጌም መሆኑ ታወቀ። ተጨማሪ ክፍል የሚታሰበው ዋናውን ለጨረሰ ሰው ነው፤ መነሻው የሚቀመጠውም ዋናው ባበቃበት ከፍታ ላይ ነው። ከዚያም በፊት በኦገስት 2018 የወጣው «ጎድማስተር» የተባለው የመጀመሪያው ጌም ማሟያ፣ 42 ፍልሚያዎችን ያለ ሞት በተከታታይ ማሸነፍን የሚጠይቅ ፈተና ይዞ ነበር። ያ ፈተና እስካሁን በሁለቱ ጌሞች ውስጥ ካሉት ከባዶቹ አንዱ ነው፣ «ሲልክሶንግ» ውስጥም በግልጽ የሚበልጠው አላገኘሁም። ጫፍ ለጫፍ ካወዳደርን ቀዳሚው ዝቅ አይልም። መግቢያ ለመግቢያ ካወዳደርን ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ቀዳሚው በዝግታ የሚንቀሳቀሱ ጥቂት ነፍሳት ባሉበት ዋሻ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲያለማምድ፣ ተከታዩ ግን ወደ ኋላ የሚሸሹ፣ ከአየር ላይ የሚወረውሩና በቡድን የሚመጡ ጠላቶችን ቶሎ ያስገባል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ኒንቴንዶ በ1985 «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ»ን ካወጣ በኋላ በቀጣዩ ዓመት በጃፓን ያወጣው ሁለተኛ ክፍል የተሠራው የመጀመሪያውን አጥንተው ለጨረሱ ሰዎች ነበር። ተጫዋቹን የሚገድል መርዛማ እንጉዳይ፣ በዝላይ መካከል የሚገፋ ነፋስ፣ ወደ ኋላ የሚመልስ የማቋረጫ በር ተጨመሩበት፤ እያንዳንዳቸው ከመጀመሪያው ጌም የተገኘን እምነት የሚያፈርሱ ናቸው። እንጉዳይ ጥሩ ነው፣ አቋራጭ ወደ ፊት ይወስዳል ብሎ ያላመነ ሰው እነዚህ ወጥመዶች ብዙም አያታልሉትም። የኩባንያው የአሜሪካ ቅርንጫፍ ጌሙ ለገበያው ከመጠን በላይ ከባድ ነው ብሎ ስለ ወሰነ፣ አሜሪካውያን በ1988 ሁለተኛ ክፍል ተብሎ የደረሳቸው በሌላ የጃፓን ጌም ላይ የማሪዮ ገጸ ባሕርያት ተተክተውበት የተሠራ ነበር። ዋናው እስከ 1993 ድረስ አልደረሳቸውም፤ ሲደርሳቸውም በአንድ ስብስብ ውስጥ «ዘ ሎስት ሌቭልስ» በሚል ስም ነበር። በአንድ ተከታታይ ጌም ላይ ለሁለት የተለያዩ ገበያዎች ሁለት የተለያዩ ፍርዶች ተሰጡ ማለት ነው፤ ይህም «ከበደ» የሚለው ቃል ለማን የሚል ጥያቄ ካልተከተለው ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ያሳያል።

የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኩባንያ የካፕኮም «ዴቪል ሜይ ክራይ» ደግሞ ፔንዱለሙ በሁለቱም ወገን ሲወዛወዝ አሳይቷል። የ2001ዱ የመጀመሪያ ክፍል በክብደቱ ታወቀ፣ በ2003 የወጣው ሁለተኛው ከመጠን በላይ ቀለለ ተብሎ ተወቀሰ፣ በ2005 ሦስተኛው ሲመጣ በሰሜን አሜሪካ «መደበኛ» ተብሎ የቀረበው ደረጃ በጃፓን «ከባድ» የተባለው ነበር። ተጫዋቾች እኩል ስም ያለውን ደረጃ መርጠው እኩል ያልሆነ ጌም ተጫወቱ። በ2006 የወጣው ልዩ እትም ደረጃዎቹን ወደ ጃፓኑ አሰላለፍ መለሳቸው። የክብደት ደረጃ ስም በራሱ ምንም የማይነግር መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ታሪክ አላውቅም።

ከጌሙ ስሌት ውጭ የተጫዋቹ ልምድም ድርሻ አለው፤ ልምድ ደግሞ ሁልጊዜ አይረዳም። በ2016 «ዱም»ን በአንድ በሚወደው መሣሪያ ከዳር እስከ ዳር የጨረሰ ሰው፣ በ2020 «ዱም ኢተርናል» ሲመጣ ጥይቱ ቶሎ ቶሎ እያለቀበት፣ ለእያንዳንዱ ጋኔን የተለየ መሣሪያ እንዲመርጥና ጥይት ለማግኘት ጋኔኖችን በመጋዝ እንዲቆራርጥ ተገደደ። ብዙ አንጋፋ ተጫዋቾች የተቸገሩት ችሎታ ስላነሳቸው ሳይሆን የነበራቸው ችሎታ ሌላ ስለሆነ ነው። በ«ሲልክሶንግ» የዚህ አቻ የሆርኔት የቁልቁል ጥቃት ነው። የመጀመሪያው ባለታሪክ ሰይፉን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች እየመታ በእሾህና በጠላት ላይ ይነጥር ነበር፤ ሆርኔት በመነሻዋ የምትመታው ወደ ታች በሰያፍ ነው። ርቀቱንና አንግሉን አዲስ መማር የሚጠበቅበት ጀማሪ ያለ ብዙ ችግር ሲማረው፣ በቀዳሚው ጌም ብዙ ሰዓት ያሳለፈ እጅ ግን በግፊት ወቅት ወደ አሮጌው ልማድ ይመለሳል። የሆርኔትን አመታት ከሚለውጡት፣ ወደ በኋላ ከሚገኙት የውጊያ አርማዎች ውስጥ ቀጥታ የቁልቁል ምትን የሚመልሱ አሉ፤ ያገኛቸው ሰው ጌሙ ድንገት የቀለለ ይመስለዋል። ጠላቶቹ ግን እንደ ነበሩ ናቸው።

የሁለት ጌሞችን ክብደት በጨረሱት ሰዎች መቶኛ ለመለካት የሚሞክሩ አሉ፤ ይህ ልኬት ግን ያሳስታል። ሁለተኛ ክፍል የሚገዛው ባብዛኛው የመጀመሪያውን የወደደ ሰው ነው፤ የመጀመሪያው አስመርሮት የተወ ሰው ለሁለተኛው አይመለስም። ስለዚህ የከበደ ተከታይ ክፍል እንኳ ከቀላል ቀዳሚው የበለጠ የጨራሽ መቶኛ ሊያስመዘግብ ይችላል። «ሆሎው ናይት» ከ15 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠ ሲሆን፣ ለዓመታት በቅናሽ ሲሸጥና በወርሃዊ ክፍያ አገልግሎቶች ሲቀርብ ስለ ነበር ከፍተው ለአንድ ሰዓት አይተው የተዉት ቁጥር የግድ ብዙ ይሆናል። ትዝታም እንዲሁ አይታመንም። ዛሬ ቀዳሚው ቀላል ነበር የሚል ሰው የሚያስታውሰው ጌሙን ሲጨርስ የነበረበትን ችሎታ ነው፤ በአዲሱ ጌም የመጀመሪያ ሰዓቶቹን የሚያወዳድረውም ከዚያ ጋር ነው። በተጨማሪም ቲም ቼሪ ለገምጋሚዎች ጌሙን አስቀድሞ ስላልሰጠ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ያለ ካርታና ያለ መመሪያ የተጫወተ ሰው የተመለከተው ክብደት፣ ሁሉም ነገር ተጽፎ ካለቀ በኋላ ከሚመጣው ተጫዋች ጋር አንድ ሊሆን አይችልም።

ተከታይ ክፍል ሁልጊዜ ይከብዳል ማለትም አይቻልም። «ሲልክሶንግ» በወጣበት በ2025 በፌብሩዋሪ 28 የወጣው የካፕኮም «ሞንስተር ሃንተር ዋይልድስ» በመጀመሪያው ወር ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ሲሸጥ፣ የቆዩ ተጫዋቾቹ ያቀረቡት ቅሬታ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ጭራቆቹ ቶሎ ይሞታሉ፣ መሣሪያ ማሻሻል ትርጉም አጣ አሉ። ኩባንያው በኋላ ባወጣቸው ማሻሻያዎች የበለጠ የሚፈትኑ ጭራቆችን ጨመረ። ብዙ ሚሊዮን አዲስ ገዢ የሚፈልግ ትልቅ ኩባንያ መግቢያውን ዝቅ ማድረግ ይቀናዋል፤ በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ያሉበትና የመጀመሪያው ጌሙ ትርፍ ለዓመታት ያለ ጥድፊያ እንዲሠራ ያስቻለው ቲም ቼሪ ግን ራሱ የሚወደውን ክብደት ለማስቀመጥ ነጻ ነበር።

የጌሙ ሠሪዎች አሪ ጊብሰንና ዊልያም ፔለን ይህን ክብደት ሲያስረዱ ሁለት ነገር አንሥተዋል። ሆርኔት ከቀድሞው ባለታሪክ የፈጠነችና የሠለጠነች ስለሆነች ተራ ጠላቶች እንኳ ከእርሷ ጋር እንዲመጣጠኑ የግድ መራቀቅ ነበረባቸው፤ ደግሞም ዓለሙ ክፍት ስለሆነ አንድ ቦታ ላይ የተሸነፈ ተጫዋች ወደ ሌላ ሄዶ ተጠናክሮ መመለስ ይችላል። የመጀመሪያውን ክርክር እቀበለዋለሁ፤ ፈጣን ባለታሪክ ለዘገምተኛ ጠላት ብትሰጥ ጌሙ ባዶ ይሆን ነበር። ሁለተኛው ግን የሚሠራው ወደ ሌላ ቦታ ሄዶ የሚገኘው ማጠናከሪያ በእርግጥ ሲሰማ ነው፤ ከላይ የተሠራው የስድስተኛው ጭምብል ስሌት ደግሞ በጌሙ መጀመሪያ ላይ ይህ እንደማይሆን ያሳያል።

ሠሪዎቹ ራሳቸው ይህን በከፊል ሳያዩት አልቀሩም። ጌሙ በወጣ በሳምንታት ውስጥ በመጣው የመጀመሪያ ማሻሻያ፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ ካሉት ቦሶች ሙርዊንግና ሲስተር ስፕሊንተር በመጠኑ ተቃለሉ፣ የአንዳንድ ወንበሮችና ማመላለሻዎች ዋጋ ቀነሰ፣ ከአንዳንድ ቅርሶች የሚገኘው ዶቃ ጨመረ። የተነካው በሙሉ ማለት ይቻላል የመጀመሪያውና የመካከለኛው ክፍል ነው፤ የመጨረሻዎቹ ፍልሚያዎች እንዳሉ ቀሩ። ሌላው ጌም ሠሪ ፍሮም ሶፍትዌርም በጁን 2024 ለ«ኤልደን ሪንግ» ያወጣው «ሻዶ ኦቭ ዘ ኤርድትሪ» የተባለው ተጨማሪ ክፍል ከበደ ሲባል ተመሳሳይ መንገድ ነበር የወሰደው፤ ቦሶቹን ሳያዳክም ተጫዋቹ በአዲሱ ምድር የሚሰበስባቸው በረከቶች በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች የበለጠ እንዲያጠነክሩት አደረገ። ሁለቱን ሳነጻጽር የፍሮም ሶፍትዌር መፍትሔ የተሻለ ይመስለኛል፤ ጠላትን ከማሳነስ ይልቅ ፍለጋን ዋጋ ያለው አድርጎታልና።

ስለዚህ ሁለቱንም ያልነካ ሰው ከየትኛው ልጀምር ብሎ ቢጠይቀኝ ከመጀመሪያው እለዋለሁ፤ ታሪኩን ለመከተል የግድ ስለሆነ ግን አይደለም። ቀዳሚው ጌም ስሕተትን አንድ በአንድ እየቆጠረ ስለሚያስተምር ነው። ሁለተኛውን የጀመረና መግቢያው ላይ የተቸገረ ደግሞ ሰባተኛውን ጭምብል እስኪያገኝ ድረስ ሁለት ሁለት ከሚያጎድሉ ቦሶች ጋር መታገሉን አቆይቶ፣ በዚያ ጊዜ አዳዲስ አርማዎችን ቢፈልግና ዶቃውን በነጋዴዎች ዘንድ በክር አስደርድሮ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል፤ በክር የተደረደረ ዶቃ ሲሞት አይወድቅበትም፣ የወንበሩንም ክፍያ ከዚያ መክፈል ይችላል።